የጥንት ኦቶሞቢል እድሳትና የታሪክ ምስክርነት

ኦቶሞቢል ለመሮጥ የተሠራ መሣሪያ ነው፤ ሲያረጅ ይጣላል፤ ብረቱም ቀልጦ ለሌላ ሥራ ይውላል። ከብዙዎቹ መካከል ጥቂቱ ግን ከዚህ ዕጣ ያመልጥና ከመጓጓዣነት ወደ ቅርስነት ይሸጋገራል። ከዚያ በኋላ የሚመለከቱት ሰዎች የት እንደሚያደርሳቸው አይጠይቁትም፤ ስለ ሠሩት ሰዎችና ስለ ዘመናቸው ምን እንደሚነግራቸው ይጠይቁታል እንጂ። በአውሮፓና በአሜሪካ አሮጌ ኦቶሞቢሎችን የማደስ ልማድ ወደ መቶ ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ ያለው ሲሆን፣ የራሱ ማኅበራት፣ የራሱ ሥርዐትና የራሱም ክርክሮች አሉት። ከክርክሮቹ ሁሉ የከበደው ግን አንድ ነው፤ ይኸውም የታደሰ ዕቃ ስለ ተወለደበት ዘመን እውነተኛ ምስክር ሊሆን ይችላልን? የሚለው ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የዚህን ጥያቄ አመጣጥና የተሰጡትን መልሶች በቅደም ተከተል መመርመር ነው። የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ልማዱ አስቀድሞ ሥር ከሰደደባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። እስከ 1896 ድረስ የእንግሊዝ ሕግ ያለ ፈረስ የሚሄድ ተሽከርካሪ ከከተማ ውጭ በሰዓት ከ4 ማይል በላይ እንዳይሮጥና አንድ ሰው በእግሩ ከፊቱ እየቀደመ እንዲሄድ ያዝዝ ነበር። በዚያው ዓመት ኖቬምበር 14 ቀን እስከ 14 ማይል የሚፈቅደው አዲስ ሕግ ሲጸና፣ የኦቶሞቢል ወዳጆች ነፃነታቸውን ለማክበር ከለንደን ወደ ብራይተን ተጓዙ። በ1927 ይኸው ጕዞ በአሮጌ መኪናዎች ለመታሰቢያ ተደገመ፤ በጦርነትና በመሳሰለው ምክንያት ከታጐለባቸው ዓመታት በቀርም እስከ ዛሬ ድረስ በየዓመቱ ይደረጋል። በ1930 የጕዞው ተካፋዮች በብራይተን ተሰብስበው የብሪታንያን የጥንት ኦቶሞቢሎች ክበብ መሠረቱ። በ1934 ደግሞ እስከ 1930 መጨረሻ ለተሠሩት የስፖርት መኪናዎች የቆመ ሌላ ክበብ ተከተለ።

ማኅበራቱ የጨዋታና የሽርሽር ማኅበራት ነበሩ ቢባል ስሕተት አይሆንም። ነገር ግን የደነገጉት አንድ ቀላል ደንብ ሳይታሰብ ወደ ታሪክ ምርምር መራቸው። ወደ ብራይተን የሚጓዘው መኪና ከ1905 በፊት የተሠራ መሆን አለበት የሚለው ደንብ ሲጸና፣ የእያንዳንዱ መኪና ዕድሜ መታወቅ ግድ ሆነ። ባለቤቱ መኪናዬ የ1903 ነው ቢል ቃሉ ብቻ አይበቃም፤ መኪናውን ከአንዱ ሞተሩን፣ ከሌላው ሻንሲውን፣ ከሦስተኛው መንኰራኵሩን ወስዶ ገጣጥሞት ይሆናልና። ስለዚህ ክበቡ የመኪናዎችን ዕድሜ መርምረው የምስክር ወረቀት የሚሰጡ ዐዋቂዎች ሠየመ። ሥራቸው ዘመኑ ያልተጻፈበትን የብራና መጽሐፍ በእጁ ይዞ የፊደሉን አጣጣል፣ የቀለሙን ዓይነትና የአደጓጐሱን ስልት እያየ ዘመኑን ከሚወስን ሊቅ ሥራ ጋር ይመሳሰላል። ለዘመን የታመነ ዝርዝር የሚባለው ነገር ዋጋ ያገኘው ከዚህ ላይ ነው፤ ትንሿ ብሎን እንኳ ልትመሰክር ወይም ልትዋሽ ትችላለችና።

ይህን በምሳሌ ለማስረዳት ከሁሉ የሚቀርበው በ1908 ወጥቶ እስከ 1927 ድረስ ከ15 ሚሊዮን በላይ የተሠራው የፎርድ ሞዴል ቲ ነው። በሕዝብ ዘንድ የታመነው ወሬ ይህ መኪና ከጥቁር በቀር ሌላ ቀለም ኖሮት አያውቅም የሚል ነው። እውነቱ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የወጡት መኪናዎች ቀይ፣ ግራጫ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነበሩ፤ ጥቁር ቀለም ብቻውን የነገሠው ከ1914 እስከ 1925 ነው። ምክንያቱም የባለቤቱ የፎርድ ጠባይ ብቻ አልነበረም፤ ሥራው በተራ በሚንቀሳቀስ ሰንሰለት ላይ ሲውል በምድጃ ተጋግሮ ቶሎ የሚደርቅና የሚበረታ ርካሽ ቀለም አስፈለገ፤ ለዚህ የተገኘውም ጥቁሩ ነበረ። እንግዲህ የ1910 ሞዴል ቲን ጥቁር ቀለም የቀባ ሰው ያጠፋው መልኩን ብቻ አይደለም፤ ሳያውቅ የፋብሪካውን የሥራ ታሪክ አራት ዓመት ወደ ኋላ ስቦታል። እንዲሁም የራዲያተሩ ክፈፍ እስከ 1916 ከነሐስ ነበረ፤ በ1917 ዓይነት ላይ ግን ጥቁር ብረት ተተካ። ሞተሩን በኤሌክትሪክ የማስነሣቱ መሣሪያም የመጣው በ1919 ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው የሞዴል ቲን ዕድሜ ከሩቅ አይቶ ሊገምት ይችላል።

ቀለም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። ከ1920ዎቹ በፊት የመኪና አካል እንደ ሠረገላ በዘይት ቀለምና በቫርኒሽ እየተደራረበ ይቀባ ነበር፤ እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ መጠበቅ ስለሚያስፈልግ ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዱኮ የተባለው የናይትሮሴሉሎስ ቀለም በ1923 በኦክላንድ መኪናዎች ላይ ሲውል ሳምንታቱ ወደ ሰዓታት አጠሩ፤ የቀለም ምርጫም ለብዙው ገዢ ተከፈተ። በዛሬው ዘመን የሚሠራው ባለ ሁለት ውሁድ ቀለም ግን ከሁለቱም የተለየ ነው፤ ወፍራም፣ እንደ መስተዋት የሚያንጸባርቅና ፀሐይን የሚቋቋም ነው። በዚህ ቀለም የተለበጠ የ1912 መኪና እጅግ ያማረ ቢሆንም፣ በ1912 የነበረ ማንም ሰው እንዲህ ያለ ነጸብራቅ በመኪና ላይ አይቶ አያውቅም።

ትናንሾቹ ዕቃዎችም ከዚህ ያነሰ አይናገሩም። ራሱ በመስቀል ቅርጽ የተበሳው የፊሊፕስ ብሎን በመኪና ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ1936 በካዲላክ ፋብሪካ ነው፤ ስለዚህ በ1920ዎቹ መኪና ላይ እንዲህ ያለ ብሎን ሲገኝ ካቻቢቴ የያዘ የኋላ ሰው እጅ እንደ ገባበት ግልጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ ጐማዎች ነጣ ያሉ ነበሩ፤ የጥላሸት ዱቄት ከጐማው ጋር ተደባልቆ ማጠንከሪያ ሲሆን ነው ጐማ የጠቈረው፤ ይህም የተስፋፋው ከ1910 ወዲህ ባሉት ዓመታት ነው። ሚሽሊን ራዲያል የተባለውን ጐማ የፈጠራ መብት ያስመዘገበው በ1946፣ ለገበያ ያቀረበው በ1949 ነው። የ1930 መኪና በራዲያል ጐማ ሲሮጥ መንገዱን የሚይዝበት ሁኔታ ይለወጣል፤ ነጂውም በመሪው በኩል የሚሰማው ነገር የአያቶቹ ስሜት መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ለዘመን መታመን የዓይን ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የእጅና የጆሮም ጉዳይ ነው።

ይህ ዕውቀት እየሰፋ ሲሄድ ግን አንድ ተቃራኒ ነገር ተከተለ። ዕውቀቱን የወለደው የእውነት ፍቅር ሲሆን፣ ዕውቀቱ ለውድድር መሣሪያ ሆነ። በካሊፎርኒያ በፔብል ቢች በ1950 የተጀመረው የመኪናዎች የውበት ውድድር መጀመሪያ የሚሸልመው አዳዲሶችን ነበር፤ በ1955 የ1931 ፒርስ አሮው የበላይነቱን ሲያገኝ አሮጌዎቹ ስፍራቸውን ያዙ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዐሥርተ ዓመታት ዳኞቹ ነጥብ የሚቀንሱት በጭረትና በቆሻሻ ስለ ነበረ፣ ባለቤቶቹ መኪናውን እስከ መጨረሻዋ ብሎን ፈትተው፣ አሮጌውን ቀለም እስከ ብረቱ ፍቀው፣ የመቀመጫውን ቆዳ ጥለው በአዲስ ማልበስን ልማድ አደረጉት። ፋብሪካው ከፍትፍቶ የተዋቸው የብየዳ እብጠቶች ተስተካከሉ፤ በኮፈኑና በበሩ መካከል ያለው ክፍተት ፋብሪካው ሊያደርገው ከቻለው በላይ ተመጠነ። እንዲህ ያለው መኪና ከተወለደበት ቀን ይልቅ አዲስ ሆነ። የዘርፉ ሰዎች ራሳቸው ይህን ከልክ ያለፈ እድሳት ብለው ጠሩት።

የጥፋቱ መጠን የሚታወቀው የተፋቀው ነገር ምን እንደ ነበረ ሲታሰብ ነው። የመጀመሪያው ቀለም ስለ ቀለሙ ውሁድ፣ ስለ ቀቢው የእጅ ስልትና ስለ ድርቦቹ ቍጥር የሚመሰክር ብቸኛ ሰነድ ነበረ። የተቀደደው ቆዳ ስለ ቆዳ ፋቂው፣ ከሥሩ የተገኘው የፈረስ ጭራ ስለ መቀመጫ ሠሪው ይናገር ነበር። ፋብሪካዎቹ ብዙውን ጊዜ መዝገባቸውን ስላላቈዩ፣ ከብረቱ በቀር ሌላ መጽሐፍ የለም። መጽሐፉን ያጠበ ሰው በላዩ የቱንም ያህል ያማረ ጽሕፈት ቢጽፍ፣ የቀድሞውን ቃል መልሶ ሊያገኘው አይችልም።

ከውበት ወደ ማንነት የተሻገረው ክርክር ደግሞ በ1990 በለንደን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ቀረበ። ነገሩ ኦልድ ነምበር ዋን፣ ማለት አሮጌው ቍጥር አንድ፣ በተባለ የቤንትሊ ስፒድ ሲክስ መኪና ላይ የተነሣ ነው። በ1919 በዊልያም ኦወን ቤንትሊ የተመሠረተው ፋብሪካ በፈረንሳይ አገር በሌ ማን የሚደረገውን የ24 ሰዓት እሽቅድድም አምስት ጊዜ አሸንፎ ነበር፤ ከእነዚህም የ1929ና የ1930 ድሎች የተገኙት በዚሁ መኪና ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዉልፍ ባርናቶና ሄንሪ በርኪን፣ በሁለተኛው ባርናቶና ግሌን ኪድስተን ነዱት። ፋብሪካው በ1931 ከስሮ ለሮልስ ሮይስ ተሸጠ። መኪናው ግን በ1932 ባለ 8 ሊትር ሞተር ገብቶለት በብሩክላንድስ ሲሽቀዳደም ተገለበጠ፤ ነጂው ክላይቭ ደንፊም ሞተ። ከዚያ በኋላ መኪናው እንደገና ተሠርቶ ሌላ አካል ለበሰ፤ በዘመናት ውስጥም ብዙ እጅ አለፈበት።

በ1990 ኤፕሪል ወር መኪናው በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ለመሸጥ ውል ተደረገ። ገዢው ወገን ግን ይህ ያ መኪና አይደለም ብሎ ውሉን አልፈጽምም አለ። ዳኛው ኦተን ዐዋቂዎችን ሰምተው የደረሱበት ዝርዝር አስደናቂ ነው። ከ1929 መኪና ዘመኑን ለማወቅ ከማይቻል ጥቃቅን ዕቃ በቀር ምንም ወይም እጅግ ጥቂት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ ከ1930ው የተረፉት የፔዳሉ ዘንግ፣ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዐምድ ብቻ ነበሩ። ሻንሲው፣ ባሌስትራዎቹ፣ የፊት አክስሉና ሞተሩ የ1932 ነበሩ። ይሁንና ዳኛው ለሻጩ ፈረዱ። የፍርዳቸውም ምክንያት እንዲህ ነው፤ መኪናው ከፋብሪካ እንደ ወጣ የቈየ ነው ሊባል አይችልም፤ ነገር ግን አምሳያም አይደለም፤ ምክንያቱም በየጊዜው እየተለወጠ ሳይቋረጥ ኖረ እንጂ፣ በአንድም ወቅት ጠፍቶ በስፍራው ሌላ መኪና አልተተካም። በዚህ ስም ሊጠራ የሚችል ሌላ መኪናም በዓለም የለም። የተሸጠውም ብረቱ ብቻ ሳይሆን ታሪኩና ዝናው ጭምር ነው።

የዚህ ጥያቄ ዘር ጥንታዊ ነው። ፕሉታርክ በጻፈው የቴሴዎስ ታሪክ ውስጥ፣ አቴናውያን የጀግናውን መርከብ ለብዙ ዘመን እንደ ጠበቁት፣ የበሰበሰውን ሳንቃ እያወጡ አዲስ ይተኩ እንደ ነበር፣ ፈላስፎችም ያው መርከብ ነው አይደለም እያሉ እንደ ተከራከሩበት ይነግራል። የለንደኑ ዳኛ ያደረጉት ፈላስፎቹ ያልቈረጡትን ነገር በሕግ መቍረጥ ነው፤ ማንነትን በቍስ ሳይሆን በታሪክ ሰንሰለት ላይ መሠረቱት። ፍርዱ ለውል ተከራካሪዎች በቂ ነው። ለታሪክ ተመራማሪ ግን ግማሽ መልስ ብቻ ነው። የመኪናው ስም ትክክል ቢሆንም፣ የ1929 ቤንትሊ ሻንሲ እንዴት እንደ ተሠራ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው ከዚያ መኪና ላይ ሊማረው አይችልም። እንግዲህ ሁለት ዓይነት እውነተኛነት አለ፤ አንዱ የስም እውነተኛነት ነው፣ ሁለተኛው የቍስ እውነተኛነት ነው። አንዱ በሌላው ምትክ አይቆምም።

የሁለተኛውን ዓይነት እስከ መጨረሻው ጫፍ የሚያሳየው ከላጎ ማጆሬ ሐይቅ የወጣው ቡጋቲ ነው። በ1925 የተሠራው ይህ የብሬሺያ ዓይነት መኪና የጉምሩክ ቀረጥ ሳይከፈልበት ቀርቶ፣ በ1930ዎቹ ውስጥ በስዊስ አገር በአስኮና አጠገብ ወደ ሐይቁ ተጣለ፤ የታሰረበት ሰንሰለት ሲበጠስም ከ50 ሜትር በላይ ወደሚጠልቀው ወለል ሰመጠ። በ1967 ጠላቂ ዋናተኞች አገኙት፤ በ2009 ተጐትቶ ወጣ፤ በ2010 በፓሪስ ጨረታ ከ260 ሺሕ ዩሮ በላይ አወጣ። በጭቃው የተቀበረው ጐኑ ጥቂት ሲተርፍ፣ ሌላው ጐኑ በዝገት ተበልቶ ነበር። የገዛው ሰብሳቢ ግን አላደሰውም፤ በካሊፎርኒያ በኦክስናርድ በነበረው ሙዚየሙ ውስጥ፣ ሙዚየሙ በ2024 እስኪዘጋ ድረስ፣ ከሐይቅ እንደ ወጣ ለሕዝብ አሳየው። ምርጫው የሚያስገርም ቢመስልም ምክንያቱ ግልጽ ነው። ይህን መኪና ማደስ ማለት አብዛኛውን ክፍል አዲስ መሥራት ማለት ይሆን ነበር፤ ሥራው ሲያልቅም ብዙ ወንድሞች ያሉት አንድ ተራ ቡጋቲ ይገኛል፤ ወንድም የሌለው የሐይቁ ቡጋቲ ግን ይጠፋል።

ሆኖም የአዳሾቹን ወገን ክርክር በቀላሉ መናቅ አይገባም። መኪና የሚንቀሳቀስ ፍጥረት ነው፤ ቆሞ የቀረ ሞተር ስለ ድምፁ፣ ስለ ንዝረቱና ስለ ሽታው ምንም አይናገርም። ከዚህም በላይ እድሳት የእጅ ጥበብን ያቈያል። የሞዴል ቲ ሞተር ዘንግ የሚሽከረከረው ቀልጦ በፈሰሰና በእጅ በተላገ ነጭ ብረት ላይ ነው፤ የእንግሊዝ አካል ሠሪዎች ከእንጨት ማገር ሠርተው በላዩ የአሉሚኒየም ቆርቆሮ ያለብሱ ነበር። ይህን የሚሠራ ሰው ካልተፈለገ ሙያው ከሙያተኛው ጋር ይቀበራል። በጃፓን የኢሴ ቤተ መቅደስ በየ20 ዓመቱ ፈርሶ በአዲስ እንጨት እንደሚሠራ የታወቀ ነው፤ የመጨረሻው የተፈጸመው በ2013 ነው። በዚያ የሚጠበቀው እንጨቱ ሳይሆን የአሠራሩ ዕውቀት ነው። በ1994 በናራ ከተማ የተሰበሰቡት ሊቃውንትም እውነተኛነት በየሕዝቡ ባህል መሠረት እንዲመዘን ያመለከቱት ይህን የመሰለውን ልማድ በማሰብ ነው። ስለዚህ የሚያጠያይቀው ይታደስ ወይስ አይታደስ የሚለው ብቻ አይደለም፤ የታደሰው ነገር መታደሱን ይናዘዛልን የሚለው ነው።

ለዚህ ሥርዐት ለማበጀት የመጀመሪያውን መንገድ የጠረጉት የሕንፃ ጠባቂዎች ናቸው። በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር እድሳት ግምት በሚጀምርበት ስፍራ እንዲያቆም፣ በጐደለው ፋንታ የሚተካውም ክፍል ከጥንቱ ጋር እየተስማማ ተለይቶ እንዲታወቅ አዘዘ። በ1966 የተመሠረተው የጥንት ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ይህንኑ ሐሳብ ወደ መኪና አዛውሮ የቱሪንን ቻርተር በ2012 አጸደቀ። በዚህ መሠረት ጥበቃ ከእድሳት ይቀድማል፤ የተተኩት ክፍሎች ምልክት ይደረግባቸዋል፤ የሥራው እያንዳንዱ ደረጃ ይመዘገባል፤ ለመንገድ ደኅንነት የግድ የሚጨመረው ነገርም የጥንቱን አካል ሳይጐዳ ተመልሶ ሊነሣ የሚችል መሆን አለበት። የቻርተሩ ፍሬ ነገር ባጭሩ ሲነገር፣ አዳሹ እንደ ጥሩ መጽሐፍ አሳታሚ የራሱን ቃል ከደራሲው ቃል ይለይ ማለት ነው።

የአስተሳሰቡ መለወጥ በውድድሩ ሜዳም ታየ። በፔብል ቢች ሳይታደሱ ለቈዩ መኪናዎች የተለየ ክፍል ከተከፈተ በኋላ፣ በ2024 የውድድሩ ከፍተኛ ሽልማት ለመጀመሪያ ጊዜ ከዚህ ክፍል ለመጣ መኪና ተሰጠ። ተሸላሚው የ1934 ቡጋቲ ዓይነት 59 ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በሬኔ ድሬፉስ ነጂነት የቤልጂግን ታላቅ እሽቅድድም ያሸነፈ ነው። በኋላ ወደ ስፖርት መኪናነት ተለውጦ ለቤልጂግ ንጉሥ ለሣልሳዊ ሌዎፖልድ ሲሸጥ፣ ንጉሡ በፈቃዳቸው ጥቁር ቀለምና ቢጫ መስመር አስቀቡት። ይህ መኪና ለዘመን መታመን የሚለውን ቃል ክብደት ያሳያል። ድል ያደረገበትን የ1934 መልክ ለመመለስ የሚሻ ሰው የፈረንሳይን ሰማያዊ ቀለም ሊቀባው ይችል ነበር፤ ያም ለ1934 የታመነ ይሆን ነበር። ነገር ግን የንጉሡ ቀለም ይፋቃል፤ ከእርሱም ጋር የመኪናው ሁለተኛ ሕይወት ይደመሰሳል። አንድ ዕቃ ብዙ ዘመን ሲኖር አንዱን ዘመን መርጦ ሌሎቹን መሻር የአዳሹ መብት መሆኑ እጅግ ያጠራጥራል።

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ከኦቶሞቢል ያልፋል። ለዘመን የታመኑ ዝርዝሮችን ማጥናት፣ የብሎኑን ራስና የጐማውን ቀለም ሳይቀር መመርመር፣ ለሥራ ፈት ሰዎች ጨዋታ መስሎ ሊታይ ይችላል። እውነቱ ግን ይህ ዕውቀት ሁለት መልክ ያለው መሣሪያ መሆኑ ነው። በአንድ ወገን ሐሰተኛውን ከእውነተኛው ይለያል፤ በሌላው ወገን ሐሰተኛውን እውነተኛ አስመስሎ ለመሥራት ያስችላል። የትኛው እንደሚሆን የሚወስነው የአዳሹ እጅ ብልኀት አይደለም፤ ያደረገውን ጽፎ ማስቀመጡ ነው። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚባለው፣ ንጋቱን የሚያይ ምስክር ሲተርፍ ነው። መዝገብ የሌለው ያማረ እድሳት ግን የመጨረሻውን ምስክር አፍ ይዘጋል፤ ከእንግዲህ ወዲያ የሚመጣው መርማሪም ከፊቱ የሚያገኘው የ1912ን መኪና ሳይሆን፣ የእድሳቱ ዘመን ሰዎች ስለ 1912 የነበራቸውን ምኞት ይሆናል።